ለዳኛዋ የላክኳቸው ሽማግሌዎች

ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ከወንድሙ ሲቀያየም ሽማግሌ ይልካል። እኔ ለበረዶ ሸርተቴ ዳኛ ሽማግሌ ልኬአለሁ። ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ካለ ቢያሳውቀኝ ደስ ይለኛል፤ ብቻዬን መሳቂያ መሆን ሰልችቶኛል።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ሶልያና ስድስት ዓመት ሲሞላት ነው። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ልደቷን ኩን ራፒድስ በሚገኝ የበረዶ ሜዳ አከበረች። ሌሎቹ ልጆች ግድግዳ ይዘው ሲንቀጠቀጡ የእኔዋ መሐል ገብታ ቀረች። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አልወጣችም። እኔ በረዶን የማውቀው ጠዋት ጠዋት ከመኪና መስታወት ላይ ስፍቀው ነው። አቅመ ደካሞችን ወደ ኩላሊት እጥበት የማመላልስ የቫን ሾፌር ነኝ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ዋናው ሥራዬ ሰው እንዳይንሸራተት ክንዱን መያዝ ነው። ልጄ ደግሞ ሆን ብላ ትንሸራተታለች፤ ለዚያውም ወደ ኋላ።

አምስት ዓመት ሙሉ ከሜዳው መስታወት ውጪ ቆሜ ስመለከት ግን አዋቂ ሆንኩ። የዝላዮቹን ስም አንድ ሳይቀር እጠራለሁ። ችግሬ የትኛው ስም የየትኛው ዝላይ እንደሆነ አለማወቄ ብቻ ነው። እሱን ልጄ ከሜዳ ስትወጣ በዘዴ እጠይቃታለሁ፤ “ያቺ ሁለተኛዋ እንዴት ነበረች?” እላለሁ፣ እሷ ስሟን ጠርታ ትመልስልኛለች፣ እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን ዓርብ ከሥራ ስገባ፣ የመወዳደሪያ ልብሷ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ሰማያዊ ነው፣ የሚያብለጨልጭ ነገር አለው፣ ያምራል። ያም ሆኖ አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ። ዞር ዞር ብዬ ሳየው ገባኝ፤ ጥለት የለውም። ባለቤቴ ወይንሸት ሮቢንስዴል ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነበረች። እሷ ብትኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ነጠላዬን ከቁም ሳጥን አወጣሁና የአንዱን ጫፍ ጥለት በመቀስ ቆርጬ፣ ክር በመርፌ አስገብቼ፣ ቁጭ ብዬ የልብሱ ወገብ ላይ ሰፋሁት። ክር ማስገባቱ ብቻ ሩብ ሰዓት ወሰደብኝ። ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁት።

ሶሊ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። “ባባ፣ ኮች ኦኬይ ትላለች?” አለችኝ።

“ደስ ይላታል እንጂ።”

“ዊል ኢት ስቴይ ኦን?”

“አባትሽ ነው የሰፋው፣ የት ይሄዳል” አልኳት። ይህን ያልኩት እንደ ዋስትና ነበር።

በማግስቱ ሶሊ ሜዳው ላይ ወጣች። ዘለለች፣ ተሽከረከረች፣ አንዴ እጇ በረዶውን ነካ ያደረገ መሰለኝ እንጂ አልወደቀችም። ሙዚቃው አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ ወደ አንዱ ጥግ ተንሸራታ ሄደችና ዝቅ ብላ ጎንበስ አለች። ግንባሯ ጉልበቷን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሌሎቹ ልጆች ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ፈገግ ይላሉ፤ የእኔዋ እንደ ቤተ ዘመድ እጅ ነሣች። እዚህ አገር ተወልዳ፣ በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ እየመለሰችልኝ ያደገች ልጅ፣ ይህን ከየት ተማረች? እንባዬ መጣ። በስልኬ የቀረጽኩትን ያን ቪዲዮ እስከ እሑድ ድረስ ለአሥራ አንድ ሰው አሳይቻለሁ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ አራተኛ። ከሦስተኛዋ ጋር የሚለያዩት በሦስት አሥረኛ ነጥብ ነው። ወላጁ ሁሉ ተጋፍቶ ስለነበር ስልኬን ከሰው ራስ በላይ አንሥቼ የወረቀቱን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ፎቶ አነሣሁ፤ እሱም ይበቃኛል ብዬ። ሳየው ያልገባኝ ምልክት ሞልቶበታል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዱ ዝላይ ማይነስ ሦስት መሰጠቱ ነው። እኛ ስንማር የመጨረሻው ውጤት ዜሮ ነበር። የፈለገውን ያህል የከፋ አስተማሪ ቢሆን ከዜሮ በታች ወርዶ ያለንን ሲወስድብን አላየሁም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሶሊ አንገቷን እንደደፋች ነበር። አንድ እጇ ከጃኬቷ ኪስ አልወጣም።

“ዳኞቹ ናቸው አይደል ያናደዱሽ?” አልኳት።

“ኖ ባባ። ኢትስ ፋይን።”

ቤት ስንደርስ ከቦርሳዋ አንድ ቅጽ አወጣች። በሚቀጥለው ወር ዱሉት ከተማ ለሚደረገው ውድድር መመዝገቢያ ነው፤ አሰልጣኟ እስከ እሑድ ከሰዓት ትፈልገዋለች። “ሳይን አድርግልኝ” አለችኝ።

እኔ ግን ማይነስ ሦስቷ ራሴ ላይ ወጥታ ነበር። “እዚህ ፍትሕ ሳይገኝ ዱሉት የሚሄድ የለም” አልኩ። “እንዲያውም ይህ ውድድር የሚባለው ነገር ይብቃን። ማይነስ በሚሰጡሽ ሰዎች ፊት ሁለተኛ አትቆሚም።”

ልጄ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ቅጹን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፋ ክፍሏ ገባችና በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። በኃይል ብትዘጋው ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ምሳዋን ሳትበላ ዋለች።

እኔ ቁጭቴን ይዤ ሴንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንሰበሰብበት ሻይ ቤት ሄድኩ። እዚያ ሦስት ወዳጆች አሉኝ። ጋሽ ተድላ በድሮ ጊዜ የስፖርት አስተማሪና የትምህርት ቤት እግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ ፊሽካቸውን ተዉ እንጂ ፍርዳቸውን አልተዉም። ጋሽ ገመቹ ሃያ ዓመት ትልቅ ትራክ የነዱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ብርሃኑ እኩያዬ ነው፤ ፀጉሩ ግን በሠላሳ ዓመቱ ስለሸበተ ከጋሾቹ ጋር ይመደባል።

ቪዲዮውን ከፈትኩ። ጋሽ ተድላ መነጽራቸውን አድርገው ያቺን ዝላይ በዝግታ ስድስት ጊዜ አዩዋት።

“ዙሩ ሞልቷል” አሉ።

“ኧረ ትንሽ የቀረው ይመስላል” አለ ብርሃኑ።

ጋሽ ተድላ ከሳህኑ ላይ ሳምቡሳ አነሡ። ሳምቡሳ ሦስት ማዕዘን ስላለው ዙር ለመቁጠር ይመቻል። ጠረጴዛው ላይ አሽከረከሩት። ብርሃኑም የራሱን አነሣና በሌላ በኩል አሽከረከረ። ከአጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ግማሾቹ ሞልቷል፣ ግማሾቹ አልሞላም አሉ። ከመካከላቸው አንድም በረዶ ላይ ቆሞ የሚያውቅ የለም፤ ያለ ፈቃዱ ካልሆነ በስተቀር።

ከዚያ ነገሩ ወደ ወደፊት ዕጣዋ ዞረ። “ኦሎምፒክ ስትደርስ በየትኛው ባንዲራ ነው የምትወጣው?” አሉ ጋሽ ተድላ።

“ለኢትዮጵያ ብትሆን ነው የሚሻላት፤ ማጣሪያ የለባትም። ማን ይወዳደራታል?” አለ ብርሃኑ።

“አሰልጣኝ ከየት ይመጣል?”

“አሰልጣኙ ይቅር፣ በረዶው ከየት ይመጣል?”

ገና ኩን ራፒድስ ላይ አራተኛ የወጣች ልጅ በሁለት ባንዲራ ስትጎተት አንድ ሰዓት አለፈ። እኔም ዱሉትን የከለከልኳት እኔ መሆኔን ረስቼ ስለ ኦሎምፒክ አብሬ ተከራከርኩ። ሻያቸውን የጨረሱት ጋሽ ገመቹ በመጨረሻ “ልጅቷ ራሷ ምን አለች?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከርዕሱ የወጣ መሰለንና አለፍነው።

“ታዲያ አፒል አድርግ” አለኝ ብርሃኑ።

“አሰልጣኟን ጠይቄአታለሁ። በዳኞች አስተያየት ላይ ይግባኝ የለም አለችኝ።”

ሁሉም አዘኑ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ ማንም አላቀበለኝም፣ የራሴ ነው። “ይግባኝ የለም አሉ እንጂ ሽምግልና የለም አላሉም” አልኩ።

ጋሽ ተድላ ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ። ዓይናቸው በራ። በዚህ ከተማ ሦስት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ አራተኛዎቹ ቢፋቱም በሰላም ነው የተፋቱት። ዋና ዳኛዋ እሑድም ውድድሩ ላይ እንደሚውሉ አውቃለሁ። ተስማማን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቼን በቫኑ ጭኜ ሄድኩ። ሶሊም የጓደኞቿን ውድድር ማየት አለብኝ ብላ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደሚሄዱ ግን አልነገርናትም። ጋሽ ገመቹ የሚጸልዩት ሌላ ቸርች ስለሆነ በኮት ነው የመጡት። ጋሽ ተድላ ግን ሽማግሌ ያለ ነጠላ አይሆንም ብለው ድርቅ አሉ። ላኪው እኔ ስለሆንኩና ላኪ ደግሞ አብሮ ስለማይገባ፣ ጠዋት ሳስቀድስ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ የለበስኩትን ነጠላዬን አውልቄ ለጋሽ ገመቹ ሰጠኋቸው። እንዴት እንደሚታጠፍ ግን አልነገርኳቸውም።

የሆነውን ያየሁት አይደለም። ሞተሩን ሳላጠፋ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ነበር። የምነግራችሁ ብርሃኑ በኋላ ሆዱን ይዞ እየሳቀ የነገረኝን ነው።

ዳኛዋ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ፀጉራቸው ከብርሃኑም የነጣ ሴት ናቸው። በእረፍት ሰዓታቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው በወረቀት ስኒ የያዙትን ሲጠጡ፣ ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች መጥተው ፊታቸው ተሰለፉ። ዳኛዋ ወንበር አሳዩአቸው። ጋሽ ተድላ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ዳኛዋ ደግመው ለመኑ፣ እምቢ። ሦስተኛ ለመኑ፣ እምቢ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ብቻቸውን መቀመጡ ነውር መሰላቸውና እሳቸውም ተነሡ። አራቱም ባዶ ወንበር ከበው ቆሙ።

የጋሽ ተድላ እንግሊዝኛ ሰላምታውን አልፎ መንገድ ላይ ቀረ። ዘወር ሲሉ ሶሊን አዩአትና ጠሩአት። “ነይ የኔ ልጅ፣ አስተርጉሚልን።”

ሶሊ ሦስቱን በነጠላ ከዳኛዋ ፊት ቆመው ስታይ ወዲያው ገባት። ያም ሆኖ ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው ሲጠራት መጣች።

ጋሽ ተድላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እመቤቴ፣ ልጆችዎን ይባርክልዎ። ለእርስዎ ሦስት አሥረኛ ምንም አይደለችም። ለአንድ አባት ግን እንቅልፍ ናት። ከቸርነትዎ ትንሽ ዝቅ አድርገው ቢያዩልን ብለን ተልከን መጥተናል።”

ሶሊ ወደ ዳኛዋ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ “ስለ ሥራዎ እናመሰግናለን ነው የሚሉት” አለች።

ዳኛዋ ፈገግ አሉ። ስለ ነጥብ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር እንደማይፈቀድላቸው፣ ዝርዝሩ ግን ግድግዳው ላይ እንዳለ ነገሯት። ከወረቀቱ ግርጌ ተቀናሽ የሚል መስመር አለ አሉ፤ ከልብስ ላይ አንድ ነገር በረዶው ላይ ከወደቀ ደንቡ ግማሽ ነጥብ ይቀንሳል። ለሚቀጥለው ጊዜ የሰፋው ሰው ጠንከር አድርጎ ቢሰፋው ጥሩ ነው አሉ፤ ቀለሙ ግን በጣም ያምር ነበር።

“ምን አሉ?” አሉ ጋሽ ተድላ።

“በደንብ ተለማመጂ ብለዋል” አለች ሶሊ በአማርኛ።

ሃያ ዓመት ከአገር አገር ትራክ የነዳ ሰው እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም መስሏት ነበር። ጋሽ ገመቹ ሁሉንም ሰምተዋል። ልጄን አዩአት፣ ቀጥሎ ከኪሷ ያልወጣውን እጇን አዩ። “የኔ ልጅ፣ ኪስሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?” አሏት።

ሶሊ አወጣችው። ቀይና ጥቁር ጥለት ነው፣ ክሩ ተንጠልጥሎ። ጋሽ ገመቹ የለበሱትን ነጠላ ጫፍ አነሡ። አንዱ ጫፍ ቀይና ጥቁር ጥለት አለው፤ ሌላው በመቀስ ተቆርጧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙአቸው። ዳኛዋ ማንም ሳያስተረጉምላቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ያን ጊዜ፣ አለ ብርሃኑ፣ ሦስታችንም ተቀመጥን።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው ቫኑ ውስጥ ገቡ። ሶሊ አልነበረችም። ወደ ኋላ ዞሬ “እሺ፣ ምን ተባለ?” አልኩ።

“ነገሩ ተመርምሯል” አሉ ጋሽ ተድላ። “ጥፋተኛውም ተገኝቷል።”

“ዳኛዋ አመኑ?”

“ዳኛዋ አይደሉም።”

“ታዲያ ማን ነው?”

ጋሽ ገመቹ ነጠላውን ከትከሻቸው አውርደው የተቆረጠውን ጫፍ ጭኔ ላይ አኖሩት። ከላዩ ላይ ያቺን ቁራጭ አስቀመጡ። ከዚያ ግማሽ ነጥቡን ነገሩኝ። ያ ባይቀነስ ሦስተኛ ነበረች።

“ታዲያ ስትጨርስ… ጎንበስ ያለችው?” አልኩ።

“ስታነሣው ነው” አሉ ጋሽ ገመቹ።

ከግማሽ ነጥቡ ይልቅ እሱ አመመኝ። ለአሥራ አንድ ሰው ያሳየሁት እጅ መንሣት ልጄ የአባቷን የእጅ ሥራ ከመሬት ስትለቅም ነው። “ለምን አልነገረችኝም?” አልኩ።

“እኔም ጠይቄአታለሁ። ጣቱ ደምቶ ነበር፣ ደግሞ በጣም ደስ ብሎት ነበር አለችኝ።” ጋሽ ገመቹ ቀጠሉ። “ትናንት ልጅቷ ራሷ ምን አለች ብዬ ነበር። አንተ የላክኸን እኛ ካሁን በኋላ የእሷ ሽማግሌዎች ነን።”

ብርሃኑ ወርዶ ጠራት። መጥታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጥለቱን ጭኔ ላይ ስታየው ፊቷ ቀላ። ሦስቱም ይጠብቁኛል። እኔ ሲያስታርቁ ብዙ አይቻለሁ፤ የበደለ ሰው ጎንበስ ብሎ ጉልበት ይነካል። ከሹፌር ወንበሬ ዞሬ ዝቅ ልል ስወረወር ቀበቶዬን አልፈታሁም ኖሮ መሐል ላይ ቆልፎ ያዘኝ። ወደ ታችም አልሄድ፣ ወደ ላይም አልመለስ። እንደዚያው ተንጠልጥዬ፣ “ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ” አልኳት። “ነጥቡን የወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ዱሉትንም ልወስድብሽ ነበር።”

“ኢትስ ኦኬይ፣ ባባ” አለች።

“እንዲህ በቀላሉ አይሆንም” አሉ ጋሽ ተድላ። “ካሳ ጠይቂ።”

ሶሊ ከቦርሳዋ ቅጹን አወጣች። ጠዋት ከፍሪጁ ላይ አንሥታው ኖሯል፤ እኔ እምቢ ብዬ እያለሁ እንኳ ይዛው መጥታለች። “ይሄን። ደግሞ ጥለቱ ተመልሶ ይሰፋ። ግን እማዬ ትስፋው።”

“ተፈርዷል” አሉ ጋሽ ተድላ። የድሮ ዳኝነታቸው ግን አላስቻላቸውም። “የአባትሽ ይቅርታ ለመሆኑ ስንት ያገኛል?”

ሶሊ በቀበቶ ታስሬ የተንጠለጠልኩትን አባቷን ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ማይነስ ዋን” አለች። “ዙሩ አልሞላም። ግን አልወደቀም።”

ይግባኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱም አዩኝ። አፌን ዘግቼ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ሕመምተኞቼ በሚፈርሙበት እስክሪብቶ ፈረምኩ፤ ሶሊም ቅጹን ይዛ ወደ አሰልጣኟ ሮጠች።

ወይንሸት ታሪኩን ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው፤ ቀጥሎ እኔን። ጥለቱን በድርብ ክር ሰፋችው፤ ከጨረሰች በኋላም እንድስበው ሰጠችኝ። ብስበው ብስበው ልብሱ እንጂ ጥለቱ የሚለቅ አልነበረም።

ዱሉት ላይ ስንተኛ እንደወጣች ሻይ ቤት ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው ዘልላለች እያልኩ ነው፤ ሳምቡሳ እንዲሽከረከር አልፈልግም። እኔ ከመስታወቱ ውጪ ቆሜ ሁለቱን ደቂቃ ሙሉ የማየው ዝላዩን ሳይሆን ወገቧን ነበር። ሙዚቃው አለቀ። ሶሊ እኔ ወደቆምኩበት ወገን ተንሸራታ መጣችና ዝቅ ብላ ጎንበስ አለች፣ ግንባሯ ጉልበቷን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ በረዶውን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኘሁት። ምንም የወደቀ ነገር አልነበረም።